ቤት ስናሳድስ ከባለሙያው ክፍያ ላይ ስለሚያዝ ገንዘብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤት ያሳደሰ ሰው አንድ ቅዳሜ አይረሳም። ሥራው "አልቋል" ተብሏል። ሠራተኞቹ ልብሳቸውን ቀይረው፣ ዕቃቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ባለቤቱ አዲሱን ሻወር ይከፍታል። የዚያን ቀን የውሃ ፈረቃው የሌላ ሰፈር ነውና የሚወጣው አየር ብቻ ነው። "ውሃ ሲመጣ ያዩታል፤ አንደኛ ነው!" ይባላል። ከዚያ ይሉኝታ ይመጣና ቀሪው ሂሳብ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ይከፈላል።

እኔም እንዲህ አድርጌ አውቃለሁ። ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ የታችኛዋ ጎረቤቴ በር አንኳኩ። ኮርኒሳቸው ላይ ቢጫ እርጥበት ተዘርግቷል። ባለሙያው ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ "ነገ እመጣለሁ" አለኝ። ቀጥሎ "ክፍለ ሀገር ነኝ" አለ። በመጨረሻ ስልኩም መነሳት አቆመ። ሰውየው ሌባ አልነበረም። ግን ወደ እኔ ቤት የሚመልሰው አንዳች ነገር እጄ ላይ አልቀረም ነበር። ሴራሚኩን አስፈልፍዬ እንደገና አሠራሁ፤ የጎረቤቴን ኮርኒስም አስቀባሁ።

ከዚያ ወዲህ ቤት የሚያሳድስ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ስለዚህ ነገር ይጠይቀኛል። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

መያዣ የሚባለው ገንዘብ ምንድን ነው?

ለተሠራ ሥራ ከሚከፈለው ላይ ትንሽ ተቀንሶ፣ ሥራው መልካም መሆኑ እስኪታይ ድረስ በአሠሪው እጅ የሚቆይ ገንዘብ ነው። ሳይት ላይ "ሪቴንሽን" ይሉታል። በትልልቅ የሕንፃና የመንገድ ውሎች ላይ የቆየ አሠራር ነው። በቤት ዕድሳት ላይ ግን ብዙዎቻችን ከነመኖሩም አናውቅም። ብናውቅም ለመጠየቅ እናፍራለን።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይጥራ። ይህ ገንዘብ የባለሙያው ነው። ሠርቶበታል፣ ላቡ ነው። እናንተ ጋ የሚቆየው በአደራ ነው። የዋጋ ቅናሽ አይደለም፤ ቅጣትም አይደለም። ይህን የማይቀበል አሠሪ መያዣ ባይዝ ይሻለዋል።

ቀብድን ብታስቡት ነገሩ ይገባችኋል። ቀብድ ስትሰጡ እናንተ ሰውየውን ታምናላችሁ፤ ገና ምንም ሳይሠራ ገንዘብ ይዞ ይሄዳል። መያዣ ስትይዙ ደግሞ እሱ እናንተን ያምናል። ቀብድ የተቀበለ ሰው መያዣ ሲጠየቅ "አላመናችሁኝም ማለት ነው?" ቢል መልሱ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ያመናችሁት እናንተ ናችሁ።

ዊዝሆልዲንግ ከሚሉት ጋር አንድ ነው?

አይደለም። ዊዝሆልዲንግ ግብር ነው። ድርጅቶች ለአቅራቢ ሲከፍሉ ቀንሰው ለገቢዎች የሚያስገቡት ነው። የግል ቤታችሁን የምታሳድሱ ከሆነ እሱ እናንተን አይመለከትም። መያዣ በእናንተና በባለሙያው መካከል ብቻ ያለ ጉዳይ ነው፤ ተመልሶም ለባለሙያው ይከፈላል።

ስንት በመቶ ልያዝ?

በግንባታ ውሎች የተለመደው ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። ብዙ ጊዜ ግማሹ ሥራው ሲያልቅ በሚደረገው ጊዜያዊ ርክክብ ይለቀቃል። ሌላው ግማሽ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በመጨረሻው ርክክብ ይከፈላል።

ለቤት ዕድሳት ግን ይህን ቁጥር እንዳለ መውሰድ አይሠራም። ምክንያቱም እኛ አገር አብዛኛው ዕድሳት "የእጅ ብቻ" ነው። ሲሚንቶውን፣ ሴራሚኩን፣ ቀለሙን የሚገዛው ባለቤቱ ነው። ባለሙያው የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። አስቡት፤ የእጅ ዋጋው 180,000 ብር ነው እንበል። 5 በመቶ ማለት 9,000 ብር ነው። አንድ መታጠቢያ ቤት አስፈልፍሎ እንደገና ማሠራት በዚህ አይታሰብም። የባከነው ሴራሚክ ደግሞ የእናንተ ነው።

ስለዚህ እኔ የምለው ይህን ነው። የእጅ ብቻ ከሆነ 10 በመቶ ያዙ። ውሃ የሚነካው ሥራ ላይ፣ ማለትም መታጠቢያ ቤት፣ ኩሽና፣ ሰገነትና ጣሪያ ላይ፣ እስከ 15 በመቶ ድረስ ብትነጋገሩ ነውር የለውም። ባለሙያው ከነዕቃው የሚሠራ ከሆነ 5 በመቶም ይበቃል፤ ጠቅላላው ዋጋ ትልቅ ስለሆነ መያዣውም ትልቅ ይሆናል። ከእነዚህ ቁጥሮች በላይ መያዝ የሰውየውን ትርፍ ሙልጭ አድርጎ መብላት ነው። ትርፉ በሙሉ የተያዘበት ባለሙያ ደግሞ ለመመለስ አይጓጓም፤ ቀድሞ ዋጋው ላይ ጨምሮ ይጠብቃችኋል፤ ወይም መሃል ላይ ጥሎ ይሄዳል።

ከየክፍያው ልቀንስ ወይስ መጨረሻ ላይ አንድ ላይ ልያዝ?

ከየክፍያው። የመጨረሻው ቀን ላይ "አሁን 18,000 ብር ይዤብሃለሁ" ማለት ጠብ ነው። ሰውየው ያንን ብር ለልጁ ትምህርት ቤት፣ ለቤት ኪራይ አስቦበታል። ከአራት ክፍያ ላይ እየተቀነሰ ሲሄድ ግን ይለመዳል። ቅድም ባነሳሁት ምሳሌ እያንዳንዱ ክፍያ 45,000 ብር ነው፤ 4,500 ይቀመጣል፣ 40,500 ይከፈላል። አራት ጊዜ፣ 18,000 ብር። ሥራው ሲያልቅ ማንም አዲስ ነገር አይሰማም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። መያዣ የሚሠራው ክፍያው ከሥራው ኋላ ኋላ ሲሄድ ብቻ ነው። ግማሹን ቀብድ ሰጥታችሁ፣ ሥራው 30 በመቶ ላይ ሳለ ሌላ 20 በመቶ ጨምራችሁ ከከፈላችሁ፣ "10 በመቶ ይዣለሁ" ማለት ቀልድ ነው። ያዛችሁ የመሰላችሁ እናንተ ናችሁ እንጂ የያዛችሁ እሱ ነው። በመንግሥት ግንባታ ላይ እንኳ ቅድሚያ ክፍያ እስከ 30 በመቶ ነው፤ ያውም በዋስትና። እናንተ ዋስትና የላችሁም፤ ስለዚህ ቀብዱ ከዚያም ያነሰ ይሁን። ክፍያውንም በቀን ሳይሆን በሥራ ደረጃ ቁረጡት። "በየ15 ቀኑ" አትበሉ። "የቧንቧ ዝርጋታው አልቆ ሲፈተሽ" በሉ፤ "ልስኑ ሲያልቅ" በሉ፤ "ሴራሚኩ ተነጥፎ ሲያልቅ" በሉ።

እስከ መቼ ልያዘው?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ለእኔ ከመቶኛው ይልቅ ጊዜው ይበልጣል። መያዣ ሥራው ጉዱን እስኪያሳይ ድረስ መቆየት አለበት። እያንዳንዱ ሥራ ደግሞ ጉዱን የሚያሳይበት የራሱ ወቅት አለው። "ሦስት ወር" ብሎ ለሁሉም አንድ ቀን መቁረጥ ለወረቀት ያመቻል እንጂ ለቤቱ አይበጅም።

ከውሃ መስመር እንጀምር። የቧንቧ መስመር መፈተሽ ያለበት ግድግዳው ሳይዘጋ ነው። መስመሩ ውሃ ተሞልቶ፣ በግፊት መፈተሻ ፓምፕ ተጨምቆ፣ ግፊቱ መውረድ አለመውረዱ ይታያል። ፓምፑ ያላቸው የቧንቧ ሠራተኞች አሉ፤ "ይዘህ ና" በሉ። የአዲስ አበባን ፈረቃ የሚያውቅ ሰው ይህን ይረዳል። መስመሩ ለቀናት ደርቆ ይቆይና ሌሊት ድንገት ውሃው በኃይል ሲመጣ ነው ደካማው መጋጠሚያ የሚለቀው። በቀን አየር የተነፈሰው ሻወር ሌሊት ቤት ያጥለቀልቃል። ስለዚህ የቧንቧ ሥራ መያዣ ቢያንስ ውሃው ደጋግሞ መጥቶ እስኪሄድ፣ አንድ ወር አካባቢ፣ ይቆይ።

የመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ሴራሚኩ ከመነጠፉ በፊት የውሃ መከላከያው ተቀብቶ ሲደርቅ የፍሳሽ ቀዳዳው ይደፈናል። ከዚያ ወለሉ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ተሞልቶ 24 ሰዓት ያድራል። ጠዋት የታችኛው ጎረቤት ጋ ወርዳችሁ ኮርኒሱን ታያላችሁ። ምንም ከሌለ ሴራሚኩ ይነጠፍ። አንድ ቀን ማዘግየት ይመስላል። እኔ ግን ያንን አንድ ቀን ባዘገይ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ሴራሚክ ሲነጠፍ በሳንቲም ወይም በቁልፍ ጫፍ አንኳኩት። ሙሉ ድምፅ ካለው ሥሩ ሞልቷል። ባዶ ቆርቆሮ ሲመታ የሚመስል ድምፅ ካሰማ ሥሩ አየር ነው፤ አንድ ቀን ከባድ ነገር ሲወድቅበት ይሰነጠቃል። ይህን በርክክብ ዕለት ማድረግ ትችላላችሁ፤ ወራት መጠበቅ አያሻም።

ልስን ሌላ ነው። ሲሚንቶ ጥንካሬውን የሚያገኘው በቀናት ነው፤ ኮንክሪት የሚለካውም በ28 ቀኑ ነው። ልስኑ ለሳምንት ያህል ውሃ ካልጠጣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። ቀለም ቶሎ ከተቀባበት ስንጥቁ ይደበቃል፤ ከአንድ ሁለት ወር በኋላ በቀለሙ ላይ ብቅ ይላል። "ቀለሙን በዚህ ሳምንት እንጨርስልዎት" ሲባል ደስ አይበላችሁ።

የእንጨት በርና ቁም ሣጥን በበጋ ይኮማተራል፣ በክረምት ያብጣል። ርጥብ ጣውላ ከሆነ በሩ ጥር ላይ ክፍተት ያወጣል። የእንጨት ሥራ መያዣ ሁለቱንም ወቅት ባያይ እንኳ አንዱን ይይ።

ጣሪያስ? ጣሪያ የሚፈተሸው በክረምት ብቻ ነው። ታኅሣሥ ላይ የተመታ ቆርቆሮ ምን ይመስክራል? ሚስማሩ ራስ ላይ ያለው ጎማ፣ የአሸንዳው ቁልቁለት፣ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት መጋጠሚያ ሁሉ መልሱን የሚሰጡት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ስለዚህ የጣሪያ መያዣ ቀኑ አንድ ነው፦ መስከረም። በኅዳር የተሠራም ይሁን በግንቦት፣ መስከረም ላይ ይከፈል። ባለሙያው "አሥር ወር?" ካለ የጣሪያውን ድርሻ ብቻ ለይታችሁ ሌላውን ቶሎ ልቀቁለት። ፍትሕም እሱ ነው።

ባለሙያው "መያዣ የሚባል አላውቅም፣ አልሠራም" ካለስ?

መጀመሪያ ስሙት። እምቢ የሚልበት ምክንያት አለው። ብዙ ባለሙያ መያዣው ተይዞበት ሳይከፈለው ቀርቶ ያውቃል። ባለቤቱ ሦስት ወር ሙሉ "ነገ ና" ብሎት፣ በመጨረሻ "እንዲያውም በሩ ተጨርፎብኛል" ብሎ በልቶታል። እንዲህ ያለ ሰው መያዣ ሲሰማ የሚታየው ያ በር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ብሩ ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ አሠራሩ ተለውጦ የብር ዋጋ ሲወርድ፣ ወራት የተያዘ ብር ምን እንደሚሆን ሁሉም ሰው አይቷል። "የዛሬ 18,000 ብር የመስከረም 18,000 ብር አይደለም" ቢላችሁ እውነቱን ነው።

ስለዚህ ድርድር ይኑር። መያዣው አነስ ይበል፣ ጊዜው ይጠር፣ ግማሹ በርክክብ ይለቀቅ። ካልተማመናችሁ ገንዘቡ ሁለታችሁም በምታምኑት ሰው እጅ ይቀመጥ። በሰፈሩ የተከበረ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል፤ እናንተንና እሱን ያገናኘው ሰውም ሊሆን ይችላል፤ ደላላው ግን ይቅር። ወይም በውሉ ላይ ዋስ ያቅርብ። አንዳንዱ ባለሙያ መያዣውን ትቶ ዋጋውን ትንሽ ቀነስ ማድረግ ይመርጣል፤ ያንን እኔ አልመክርም። ቅናሹን ዛሬ ትበሉታላችሁ፤ ፍሳሹን ግን ብቻችሁን ትቀበላላችሁ።

ይህ ሁሉ ተብሎ "ሙሉውን በመጀመሪያው ሳምንት ካልከፈላችሁኝ" የሚል ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ። ሳይት ላይ ሁሉም "ኢንጂነር" ነው፤ ሌላ ኢንጂነር አይጠፋም።

ውል ላይ ምን ብዬ ልጻፈው?

በሰው ቋንቋ ጻፉት። ይህን የመሰለ አንቀጽ ይበቃል፦

"ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ 10 በመቶ በመያዣነት ተቀንሶ በአሠሪው ዘንድ ይቆያል። የመያዣው ግማሽ ሥራው ተፈትሾ ርክክብ በተደረገ በ7 ቀን ውስጥ ለሠሪው ይከፈላል። ቀሪው ግማሽ ከርክክቡ በኋላ በ3 ወር ይከፈላል፤ የጣሪያ ሥራው ድርሻ ግን መስከረም 30 ቀን ይከፈላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከሠሪው አሠራር የመጣ ጉድለት ሲገኝና በጽሑፍ ሲነገረው፣ ሠሪው በ10 ቀን ውስጥ በራሱ ወጪ ያስተካክላል። ካላስተካከለ አሠሪው በሌላ ባለሙያ አሠርቶ ያወጣውን ወጪ በደረሰኝ አስደግፎ ከመያዣው ላይ ይቀንሳል፤ የተረፈውን ለሠሪው ይከፍላል።"

"ከሠሪው አሠራር የመጣ" የሚለውን ቃል አትዝለሉት። እናንተ ርካሽ ማጠፊያ ገዝታችሁ በሩ ቢወድቅ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ሁለት ምስክር ይፈርም። ክፍያውን በባንክ ወይም በቴሌብር አድርጉ፤ ምክንያቱ ላይ "3ኛ ክፍያ፣ መያዣ ተቀንሶ" ብላችሁ ጻፉ። ያቺ አጭር ጽሑፍ ከረጅም ክርክር ታድናለች።

ውሉ ላይ አልጻፍንም፤ ሥራው ደግሞ መሃል ላይ ነው። አሁን መያዝ እችላለሁ?

"መያዣ" ብላችሁ በደፈናው መቀነስ አትችሉም። ያልተስማሙበትን መቀነስ ውል ማፍረስ ነው። ነገር ግን ሥራው ላይ የሚታይ ጉድለት ካለ ነገሩ ይለያል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አካሄድ፣ ውሉ ወይም ልማዱ ሌላ ካላለ በቀር፣ አንዱ ወገን ግዴታውን ሳይፈጽም ሌላውን "አንተ ፈጽም" ማለት አይችልም ነው። ስለዚህ የተበላሸውን ለማስተካከል የሚያስፈልገውን ያህል ክፍያ ማቆየት ምክንያታዊ ነው። ያህል ማለቴን ልብ በሉ። አንድ የሚያፈስ ቧንቧ ይዛችሁ 100,000 ብር ማቆየት ግን ሽፍትነት ነው።

ደግሞ ዝም ብላችሁ አትያዙ። ሕጉ ቁጥር 1772 ላይ አንድ ወገን ውሉ አልተፈጸመልኝም ብሎ ከመከራከሩ በፊት ለሌላው ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበት ይናገራል። በቴሌግራም የተላከ መልእክት ከምንም ይሻላል፤ ፊርማ ያለበት ወረቀት ደግሞ ከቴሌግራም ይሻላል። ጉድለቱን፣ ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጉ፣ እስከ መቼ እንደሆነ ጻፉ። ፎቶ አንሱ።

ከዚያ ተቀመጡና የቀረውን ሥራ በሚመለከት አዲስ ገጽ ተፈራረሙ። ቡና ይፈላ። አብዛኛው ባለሙያ በግልጽ ሲነገረው እምቢ አይልም።

የቀን ሠራተኞቹ "አልተከፈለንም" ብለው በር ላይ ቢቆሙስ?

ይህ የሚያም ነው፤ ደግሞም ይደርሳል። ባለሙያው "ባለቤቱ ይዞብኝ ነው" ብሎ የቅዳሜ ክፍያቸውን ያስቀርባቸዋል። እናንተ የያዛችሁት ከእሱ ትርፍ ላይ ነበር፤ የተያዘው ግን የቀን ሠራተኞቹ ምሳ ሆነ።

ለዚህ ነው መያዣው ከባለሙያው ትርፍ መብለጥ የለበትም የምለው። ውሉ ላይም "የቀን ሠራተኛ ክፍያ በመያዣ ምክንያት አይዘገይም" የሚል መስመር አስገቡ። ከእያንዳንዱ ክፍያ በፊት "የሠራተኞቹ ሂሳብ ተዘጋ?" ብላችሁ ጠይቁ። ራሳቸውንም ጠይቋቸው፤ ሻይ እየጠጡ ይነግሯችኋል። አይከፍላቸውም ብላችሁ ከሠጋችሁ፣ ባለሙያው ባለበት፣ እሱ እየፈረመ፣ ለእነሱ በቀጥታ ስጡና ከሂሳቡ ቀንሱ። እሱ በሌለበት ግን አታድርጉት፤ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ።

ጉድለት ወጣ፤ ሰውየው አልመጣም። በመያዣው ሌላ ሰው ላሠራ?

ውላችሁ ይህን የሚፈቅድ ከሆነ አዎ፣ ግን በሥርዓት። መጀመሪያ ጻፉለት፣ ቀን ስጡት። ቀኑ ሲያልፍ ሳትነኩት በፎቶና በቪዲዮ ያዙት፤ አዲሱ ባለሙያ አንዴ ካፈረሰው የቀድሞው ጥፋት መረጃው አብሮ ይሄዳል። የሚቻል ከሆነ ሁለት ሰው ዋጋ ይስጣችሁ። በርካሹ ወይም በመካከለኛው አሠሩ። ደረሰኙን አስቀምጡ። ከ18,000 ላይ 7,000 ከወጣ 11,000ው የሰውየው ነው። ባይመጣም፣ ቢሰድባችሁም የሱ ነው።

"ካስቸገረኝ በኋላ ለምን እመልስለታለሁ?" የሚሉኝ አሉ። ፍርድ ቤት ብትቆሙ ዳኛው የሚጠይቀው ስንት እንዳወጣችሁ ነው። መናደዳችሁ ደረሰኝ የለውም።

መያዣውን መልሼ ከከፈልኩ በኋላ ብልሽት ቢወጣ ሁሉም ነገር አበቃ?

አላበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3039 በማይንቀሳቀስ ንብረት የሥራ ውል ላይ ሠሪው ሥራው በደንብ ስለመሠራቱና ስለጽናቱ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው ይላል። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ውል ቢፈርሙም ዋጋ የለውም። ስለዚህ "መያዣውን ወስጃለሁ፣ ከዚህ በኋላ አያገባኝም" ማለት አይሠራም። ይህ ዋስትና ግን ለእያንዳንዷ ጭረት አይደለም፤ ሥራውን ለታሰበለት አገልግሎት የማይመች ለሚያደርግ ጉድለት ነው።

በወረቀት እንዲህ ነው። በተግባር ሰውየውን ማግኘት አለባችሁ። ለዚህ የመታወቂያው ኮፒና የመኖሪያ አድራሻው ውሉ ላይ ይኑር።

ውጭ አገር ነው ያለሁት። አዲስ አበባ ያለውን ቤት በዘመድ ነው የማሳድሰው። መያዣ እንዴት ይሆናል?

ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ለእናንተ ነው። ከሁሉም በላይ የሚዘነጋውም በእናንተ ነው። ገንዘቡ በአንድ ላይ ይላክና ወንድም ወይም አክስት ልጅ እጅ ይገባል፤ ከዚያ ባለሙያው ጧት ማታ እሱን ይለምነዋል። ዘመዳችሁ ሰው ነው፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። ስለዚህ የመያዣውን ብር አትላኩት። እናንተ ጋ ይቆይ፤ ውሉ ላይ "በአሠሪው ዘንድ" የሚለው እናንተን ይመለከታል። ዘመዳችሁም "እኔ ምን ላድርግ፣ እሱ ነው የያዘው" ብሎ ይገላገላል። ይህ ለእሱ ትልቅ ውለታ ነው።

ባለሙያውን ያመጣውና ሥራውን የሚፈትሸው ሰው አንድ ባይሆን ጥሩ ነው። ይህን ለዘመድ መናገር ይከብዳል፤ "ኢንጂነር ጓደኛ አለኝ፣ አንዴ አይቶ ይንገረኝ" ብላችሁ አለስልሱት። የውሃ ፍተሻው ቀን በቪዲዮ ተገኙ። ሴራሚኩ ሲንኳኳ ድምፁ በስልክም ይሰማል። በስማችሁ ውል የሚፈርመው ዘመዳችሁ ከሆነ ውክልናው ላይ ይህ ሥልጣን መጻፉን አረጋግጡ፤ ውክልናውን ባላችሁበት አገር በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ማሠራት ይቻላል።

እኔ የማሳድሰው አሜሪካ ያለውን ቤቴን ነው።

እዚያ ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሜሪላንድ የቤት ዕድሳት ተቋራጭ ውሉ ሲፈረም ከጠቅላላው ዋጋ ከአንድ ሦስተኛ በላይ መቀበል አይፈቀድለትም። በካሊፎርኒያ ቅድሚያ ክፍያው ከ10 በመቶ ወይም ከ1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ካነሰው፣ መብለጥ የለበትም። ሐበሻ ስለሆነ ብቻ ፈቃዱን ሳታዩ አታሠሩ። ሌላው አደጋ ሊየን ነው። ዋና ተቋራጩ ለዕቃ አቅራቢው ወይም ለንዑስ ተቋራጩ ካልከፈለ፣ እነሱ ቤታችሁ ላይ ጥያቄ ማስመዝገብ ይችላሉ፤ እናንተ ሙሉውን ከፍላችሁም ቢሆን። ስለዚህ የመጨረሻውን ክፍያ ከመልቀቃችሁ በፊት የተፈረመ ሊየን ዌቨር፣ ማለትም እነሱ ቤታችሁ ላይ ጥያቄ እንደማያነሱ የሚያረጋግጥ ወረቀት፣ ጠይቁ።

መያዣውን የምመልስበት ቀን ምን ላድርግ?

ቀኑን አታሳልፉ። እሱ እስኪደውል አትጠብቁ። ቤቱን አብራችሁ ዙሩ፣ "መያዣው ተከፍሏል" የሚል አጭር ወረቀት ተፈራረሙ፣ ገንዘቡን እዚያው ላኩ።

ከመታጠቢያ ቤቱ ጉድ በኋላ የእናቴን ቤት ጣሪያ ያስቀየርኩት በሌላ ባለሙያ ነው። መያዣው እስከ መስከረም ነበር። መስከረም 4 ቀን ደወለልኝ። "እንኳን አደረሰዎት" አለ፤ ቀጥሎ "ማዘር ጋ ያፈሰ ነገር አለ?" አለኝ። በአንድ ጥግ ትንሽ ጠብ ጠብ እንደሚል ነገርኩት። በማግስቱ መሰላል ተውሶ ወጣ። ሁለት ሚስማር አጥብቆ፣ ሲልከን ቀብቶ ወረደ። እናቴ ጠላ ቀዱለት። እኔ ገንዘቡን የላክሁለት ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ ነው።